ጥቁሩ ጨርቅና የእትዬ ከድጄ ዝምታ

በመጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው። ሰው ፊት ስናገር አፌ ይያዛል፤ ስጽፍ ደግሞ ፊደል አሳስታለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ደሞ ደራሲ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ሲስቅብኝ ወረቀቱን አጣጥፌ ትራስ ሥር ከትቼው ነበር። ግን የእትዬ ከድጄ ነገር ሆዴ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ። ስለ ደጃዝማቹና ስለ ፊታውራሪው የሚጽፍ አይጠፋም። ስለ በርበሬ ነጋዴ ማን ይጽፋል? እንግዲህ የተሳሳትኩትን አንባቢ እያረመ ያንብብልኝ።

እትዬ ከድጄ የቡታጅራ ሰው ናት፤ መስቃን። እኔ የሶዶ ልጅ ነኝ፤ ከቡኢ አግብቼ ነው የመጣሁት። ስመጣ ገበያው ውስጥ መቀመጫ አልነበረኝም። እሷ ጆንያዋን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «እዚህ ተቀመጪ፣ አልነክስሽም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ በርበሬ፣ እኔ ጨውና ቅመም እየሸጥን ጎን ለጎን አለን።

የእሷ ሥራ መሸጥ ብቻ አይደለም። ገበሬና ነጋዴ በበርበሬ ሲከራከሩ፣ «ያምናው ከዘንድሮው ተደባልቋል»፣ «አልተደባለቀም» ሲባባሉ ወደ እሷ ይመጣሉ። ከጆንያው መሃል እፍኝ ታወጣለች። አንዷን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ቀለሟን ታያለች፤ ከዚያ ሰብራ ውስጧን ታያለች። ደህና ከሆነ «የዘንድሮ ነው» ትላለች፤ ገበያው ይጸናል። ቅንጣት ከተጠራጠረች ግን ምንም አትልም። በርበሬዋን ወደ ጆንያው መልሳ እጇን ታራግፋለች። ገዥውም ትቶ ይሄዳል። በእኛ ገበያ የእትዬ ከድጄ ዝምታ አይሆንም ማለት ነው፤ ማንም አይከራከራትም።

አንድ ጊዜ አሚኑ የሚባለው ባለመጋዘን «ባክሽ እትዬ፣ ግማሹን እንኳ አየሁ በይልኝ» ብሎ ለመናት።

«ግማሽ ማየት የሚባል ነገር የለም» አለችው። «ጥርት ብሎ ካልታየኝ አላየሁም።»

ዓይኗ ግን አንድ ብቻ ነው። ግራውን በልጅነቷ ፈንጣጣ አጥፍቶታል። ቀኙን ደግሞ ሞራ ጋረደውና ልጇ ሙሀመድአወል፣ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጠው፣ አዲስ አበባ ወስዶ አሠራት። ሞራው ወጣላት። የጠርሙስ ቂጥ የመሰለ መነጽር አድርጋ ተመለሰች። አሚኑ ሊያሾፍባት «እትዬ፣ በዚህ መነጽር የሰው ሆድ ዕቃ ይታያል አሉ» ሲላት «ያንተን አየሁት፣ ባዶ ነው» አለችው። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

ይህ ደስታ ከዓመት ብዙም አላለፈም። ከዚያ መነጽሯን መጥረግ አበዛች። በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ ታደርጋለች፤ አውልቃ እንደገና ትጠርጋለች። «ዛሬ ጭጋግ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። አንድ ጠዋት «እንዴት አደርሽ እትዬ» ብዬ አጠገቧ ስቀመጥ «ማነሽ?» አለችኝ። ስሜን ነገርኳት።

ከሁሉ የከፋው ገበያው ነው። የሚያመጡላትን በርበሬ ወደ ፀሐይ ከፍ ታደርጋለች፤ አይጠራላትም፤ ዝም ትላለች። ደህናው በርበሬም ዝም፣ መጥፎውም ዝም። ለፍቶ ያመረተ ገበሬ ገዥ እየከዳው ተመለሰ። ማጉረምረም ተጀመረ። አሚኑ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ «መንበረ፣ ሴትዮዋ አታይም እኮ። አንድ ሰው ይንገራት» አለኝ። እኔ እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ?

ልጇ ሰምቶ መጣ። ሙሀመድአወል መጥፎ ልጅ አይደለም፤ እናቱን ይወዳል።

«እማ፣ መቀመጫሽን ለሰው እንልቀቅና መርካቶ እኔ ጋ ትሆኛለሽ» አላት።

«ምን ልሠራ?»

«ምንም። ትቀመጫለሽ።»

«ጥግ ላይ ተቀምጬ የሚስትህን የእግር ኮቴ ላዳምጥ?» አለችው። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና «የዓይን ሐኪሙ በታኅሣሥ ይመጣል። ያሠራኸኝ ዓይን ሞቷል ካለኝ እሄድልሃለሁ። አልሞተም ካለኝ ግን ከዚህ ማንም አይነቀንቀኝም» አለች። ተስማሙ። እንግዲህ ሕይወቷ ሁሉ በሐኪሙ አንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው። ዶክተር ፈቃደ የሚባል ሐኪም በላንድሮቨር ከአዲስ አበባ መጥቶ ለሳምንት ይቀመጥ ነበር። ለመመርመሪያ የተገኘለት ክፍል ከአሚኑ መጋዘን ጋር ግድግዳ ይጋራል። ታኅሣሥ ደግሞ በርበሬው ሁሉ የሚገባበት ጊዜ ነው። ወዛደሮቹ ጆንያ ባራገፉ ቁጥር ሐኪሙ ሦስት አራት ጊዜ ያነጥሳል፤ ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል። ወረፋ የያዘው ሰው «እሱን ማን ያክመው?» እያለ ይስቃል።

ማክሰኞ ተራዋ ደረሰ። እጇን ይዤ ገባሁ፤ ሙሀመድአወልም ከኋላችን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ትሑት። የሚያደነዝዝ ጠብታ አድርጎ ትንሽ ብረት ዓይኗ ላይ አስቀመጠና የዓይኗን የውስጥ ግፊት ለካ። በምታበራ መሣሪያ ፊቷ ድረስ ተጠግቶ ውስጡን ለማየት ሞከረ፤ ደጋግሞ ሞከረ፤ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ከተወጠረ ትልቅ ጥቁር ጨርቅ ፊት አስቀመጣት። መሃሉ ላይ ነጥብ አለ። እሱ ጥቁር ዘንግ ይዟል፤ ጫፉ ላይ ከስንዴ ቅንጣት የማትበልጥ ነጭ ፍሬ አለች።

«እናቴ፣ ዓይንዎን ከመሃሉ አይንቀሉ። ይቺ ነጭ ፍሬ ከጎን ስትመጣ፣ ስትታይዎ ‹መጣች› ይበሉኝ።»

«እሺ ልጄ።»

ዘንጉ ከግራ መጣ። ፍሬዋ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ ቀስ ብላ ወደ መሃል ሄደች። እትዬ ከድጄ ዝም። ከቀኝ መጣ። ዝም። ከላይ ወረደ። ዝም። እኔ ልቤ «በይ እንጂ፣ በይ እንጂ» ይላል። ፍሬዋ መሃሉ ጋ ልትደርስ ስትል ብቻ «መጣች» ትላለች። «መጣች» ባለችበት ሐኪሙ እስፒል ይሰካል። ሲጨርስ እስፒሎቹ ሁሉ መሃሉ ላይ ተሰባስበው የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ሠሩ። የቀረው ጨርቅ ባዶ ነው።

ሐኪሙ ለልጇ ነገረው፤ እሷም ሰማች።

«ሞራው ሲወጣ የቀረ ስስ ሽፋን አለ። ደፍርሷል፤ ግን ያን ያህል የከፋ አይመስለኝም። የፈራሁት ከኋላ ያለውን ነው። ግፊቱ ከፍ ብሏል። ጨርቁም የሚለው ይኸው ነው፤ ጎን ጎኑ ጠፍቷል። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ እየሞተ ነው። የሞተ ነርቭ አይመለስም።»

«ሽፋኑን ቢያነሡትስ?»

«ያላት አንድ ዓይን ነው። በመርፌ ስነካው ቢደማ ወይ ቢመግል ያለውም ይጠፋል። ነርቩ ከሞተ ደግሞ ለምን ብዬ?»

እትዬ ከድጄ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተነሣች። ሙሀመድአወል የአውቶቡስ ነገር ሊጠይቅ ሄደ።

እጇን ይዤ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመርን። እንዲያው ዝም እንዳልል ብዬ ነው የጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ያቺ ነጭ ፍሬ ከዳር ስትመጣ ጭራሽ አትታይሽም?»

«አንድ ነገርማ ይመጣል። ነጣ ያለ፣ ጭስ የመሰለ። ፍሬ ትሁን ምን ትሁን በምን አውቄ?»

ቆምኩ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

እሷም ቆመች። የተቀየመች መሰለች። «መንበረ! ጥርት ያላለልኝን ነገር አየሁ ልበል? ያውም ሐኪም ፊት? ወላሂ አላደርገውም።»

ያኔ ገባኝ። ጨርቁን የበርበሬ ገበያ አድርጋዋለች። የዝምታዋን ትርጉም ደግሞ እኛ እንጂ ሐኪሙ ከየት ያውቀዋል?

ለሙሀመድአወል ብነግረው ተናደደ። «አንቺ ከሐኪም ልትበልጪ ነው? ተስፋ እየሰጠሽ እናቴን አታሰቃዪያት» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እኔ ሱቅ ገብቼ ዕቃ ስገዛ እንኳ ዋጋ የማልከራከር ሰው ነኝ። ሐኪም ፊት ቆሜ ‹ተሳስተሃል› ልል? ባላገር ብሎ ቢያባርረኝስ? ደግሞስ ዝም ብል፣ እትዬ ከድጄ ጥግ ላይ ስትቀመጥ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ። ዘበኛው «ቁጥር አለሽ?» አለኝ። የለኝም። በሩ ጋ ተለጥፌ ቆምኩ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ሌላ ሰው ሲጠራ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ።

«አንቺ የትናንቷ ነሽ። ምን ሆነሽ ነው?»

«እትዬ ከድጄ… ትናንት ዋሽታለች» አልኩ። ከዚያ ደነገጥኩ። «አይ፣ አልዋሸችም ጌታዬ! አይታለች ማለቴ ነው። አይታ ዝም አለች።»

«አይታ ለምን ዝም ትላለች?»

የበርበሬውን ነገር ነገርኩት። እየተንተባተብኩ፣ ከመሃል እየጀመርኩ፣ ወደ ኋላ እየተመለስኩ። አሚኑንም ጆንያውንም እፍኙንም ሁሉንም ቀላቀልኩት። ሊያቋርጠኝ ነው ስል አላቋረጠኝም።

«ደብዛዛ ከሆነ አትናገርም ማለት ነው?»

«ጥርት ካላለላት አላየሁም ነው የምትለው።»

ግንባሩን በእጁ ያዘ። «እኔም ደብዛዛ ሲሆን ምን ታደርጊያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። አምጫት።»

በዚያው ቀን ድጋሚ ጨርቁ ፊት ተቀመጠች። አሁን ፍሬዋን ለውጦ ሎሚ የምታህል ነጭ ኳስ አደረገ።

«እናቴ፣ እዚህ ገበያ አይደለም። ማንም አይከስርም። ጭስም ቢሆን፣ ጥላም ቢሆን፣ ዝንብም ቢመስልዎ ገና ብልጭ ሲል ይናገሩ።»

«ሳይጠራልኝ?»

«ሳይጠራልዎ።»

ከበዳት። የመጀመሪያውን «መጣች… መሰለኝ» ስትል ድምፅዋ ያፈረ ሰው ድምፅ ነው። ግን እስፒሎቹ ከመሃል ሸሹ። ግራውም ሰፋ፣ ቀኙም፣ ታቹም ሰፋ። ከላይ በኩል ብቻ አንዴ «መጣች»፣ አንዴ ዝም፣ አንዴ «አሁን ተንቀሳቀሰ እንዴ?» ሆነ።

ሐኪሙ ወንበር ስቦ ፊቷ ተቀመጠ። «የፋኖስ ብርጭቆ ጥቀርሻ ሲይዝ ክሩ ደህና ይንደድ አይንደድ ይታወቃል?» አላት።

«አይታወቅም። ብርጭቆው ይወለወላል እንጂ።»

«የእርስዎም እንደዚያ ነው። ያ የደፈረሰ ሽፋን እኔም ወደ ውስጥ እንዳላይ ይከለክለኛል፤ እርስዎም ጨርቁን እንዳያዩ ይከለክልዎታል። ከጠፋው የቱ የሽፋኑ እንደሆነ፣ የቱ የነርቩ እንደሆነ መለየት አልችልም። ትናንት ሁሉንም ለነርቩ ሰጥቼው ነበር፤ ቸኩያለሁ። ሽፋኑ ተቀዶ ዳግም ሲፈተን ነው የሚታወቀው። ግን የመርፌው አደጋ ዛሬም አለ። ነርቩም ከውስጥ ሞቶ ልናገኘው እንችላለን።»

ሙሀመድአወል ዘሎ ተነሣ። «አይሆንም! እማ፣ አሁን የሰው ጥላ ታያለሽ፤ በሩን ታገኛለሽ። ይቺ የቀረችሽም ብትጠፋስ?»

«ብትጠፋ መርካቶ እመጣልሃለሁ።»

«እኔ ስለ መርካቶ አይደለም የማወራው!» እንባው መጣ።

«አውቃለሁ ልጄ» አለችና እጇን በአየር ላይ አድርጋ ትከሻውን ፈለገች። ስታገኘው ጫን አለችው። «ግን ሳላውቅ መቀመጥ አልችልም። ሞቶ ከሆነ ሞቷል ይበለኝ። ጨለማው የዓይኔ ይሁን የብርጭቆው ሳይለይ እንዴት እቀመጣለሁ?» ወደ ሐኪሙ ዞረች። «ውጋው።»

ሐሙስ ማለዳ ተቀጠረች። የሚሠራላት በአጠገቡ ባለች የታጠበች ክፍል ነው። ሐኪሙ አንድ ነገር ብቻ እንደሚያስፈራው ነገረኝ። «መርፌው ዓይን ውስጥ እያለ ካነጠስኩ አለቀልን» አለ። ስለዚህ አሚኑ ቤት ሄድኩ። አሁን ትንሽ ደፍሬያለሁ መሰለኝ።

«ነገ ጠዋት እስኪጨርሱ ጆንያ አታንቀሳቅስ» አልኩት።

«የሐኪም አፍንጫ እኔን ሥራ ያስፈታኛል?»

«የእትዬ ከድጄ ዓይን ነው።»

ሳቁን ተወው። ማለዳ ስንመጣ ከወዛደሮቹ ጋር ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። መጋዘኑ ዝግ ነው። ደጁንም ውኃ አርከፍክፎበታል።

እግሯን እንድይዝ ፈቀደልኝ። ጠብታ ብቻ ነው ያደረገላት፤ ሁሉን ትሰማለች። «አይንቀሳቀሱ፣ አይናገሩ» አላት። መርፌዋ ቀጭን ናት፤ ጫፏ እንደ ቢላ። ወደ ዓይኗ ስትጠጋ እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ከዚያ አፈርኩና ገለጥኩ። ሐኪሙ አይተነፍስም። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም። ድንገት ከውጭ አህያ ጮኸች። የእትዬ ከድጄ የእግር ጣት እጄ ውስጥ ጭብጥ አለ። ፊቷ ግን እንደ ድንጋይ ነው። የሐኪሙ አፍንጫ ሲነፋ አየሁ፤ እመቤቴ ድረሽ አልኩ። ከንፈሩን ነከሰ። መርፌዋ ትንሽ ዞረችና ወጣች። እጁን አርቆ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ባለ በሌለ ኃይሉ አነጠሰ፤ ውጭ ያሉት ወዛደሮች «ይማርህ!» ብለው ጮኹ።

ዓይኗ ታሸገ። ሐኪሙ «ጊዜ ቢኖረኝ ሳምንት እጠብቅ ነበር» አለ፤ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ይሄዳል። እነዚያን ቀኖች አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተኛች። ሙሀመድአወል በማንኪያ ያበላታል። እኔ ገበያ ስቀመጥ ጎኔ ባዶ ሆነብኝ። ቢመግልስ? ቢደማስ? እኔ ያመጣሁባት ነገር ቢሆንስ?

ቅዳሜ ጠዋት ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ። መነጽሯን አደረገላት። ብርሃኑ አስለቀሳት። ወደ እኔ ዞራ ለረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ከስተሻል» አለችኝ።

ግን አላለቀም። ሐኪሙ በሚያበራው መሣሪያ ተጠግቶ አየ። አሁን ውስጡ ይታየዋል። ከዚያ ጨርቁ ፊት አስቀመጣትና ያቺን የስንዴ ቅንጣት የምታህለውን ፍሬ አመጣ። «መጣች» አለች፤ ከግራ፣ ገና ከዳር። «መጣች።» ከቀኝ። አንዴ ሐኪሙ ፍሬዋን በእጁ ደብቆ ዘንጉን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ እውነቷን መሆኑን ሊፈትን ነው። ዝም አለች። ፈገግ አለ። ከታች፣ «መጣች»። ከዚያ ከላይ አወረዳት። ዝም። ትንሽ ወረደች። ዝም። ሙሀመድአወል ክንዴን ጨመደደኝ። ፍሬዋ ወደ መሃሉ ግማሽ መንገድ ስትደርስ «መጣች» አለች።

ሐኪሙ ዘንጉን አስቀመጠ።

«ነርቩ ተነክቷል፤ አልዋሽዎትም። የላይኛው በኩል ጠፍቷል፤ አይመለስም። የቀረው ግን ደህና ነው፤ ጋርዶት የነበረው ሽፋኑ ነው። ግፊቱ የቀረውን እንዳይወስድብዎ ይቺን ጠብታ ዕድሜዎን ሙሉ ያደርጋሉ፤ አንድ ቀን እንዳይዘሉ። ከላይ ያለውን ለማየት አንገትዎን ቀና ያድርጉ።»

«አልሞተም ነው የምትለኝ?»

«አልሞተም።»

ልጇን አየችው። ሙሀመድአወል አንገቱን ደፋ፤ ሳቀም፣ አለቀሰም።

በማግሥቱ እሑድ ጠዋት፣ እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ጠብታዋን ራሷ ስታደርግ አገኘኋት። የመጀመሪያው ጉንጯ ላይ ወረደ። «ያ አላህ፣ ይሄ እንኳ ሊያስቸግረኝ» አለችና ደገመች፤ ገባላት። ከዚያ የልጇን ስንቅ ቋጠረችና ልንሸኘው ወጣን። እጄን ብሰጣት አልያዘችውም። በየሱቁ ደጅ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ ጋ ስንደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ ታያለች፤ ዝቅ ብላ ታልፋለች። አውቶቡሱ ጋ ስትደርስ የሾፌሩን መስኮት በመዳፏ መታ መታ አድርጋ «ልጄን ቀስ ብለህ አድርስልኝ» አለችው። አውቶቡሱ ሲነሣ አቧራው ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘች፤ ከዚያ ዞር ብላ ብቻዋን መንገዱን ተሻገረች።